ትኬት «ተቆረጠ» ስንል ምኑ ነው የሚቆረጠው?

(ጅማ ላይ ለቢሮ ጸሐፊዎች፣ ለሒሳብ ሠራተኞችና ለፕሮጀክት አስተባባሪዎች በተዘጋጀ የግማሽ ቀን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር ነው። እንደተነገረ ነው የቀረበው።)

እንደምን አደራችሁ? አካም ቡልተን?

በዚህ ዝናብ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከሂርማታ በእግሩ የመጣ ማን እንደሆነ ጫማው ይናገራል። የጅማ ጭቃ ምስክርነቱ አያዳላም። ከኋላ ያላችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉ፤ ጣሪያው ሲጮህ ድምፄ አይደርሳችሁም።

ሰብሳቢው ሲያስተዋውቁኝ «የጉዞ ባለሙያ» አሉኝ። እኔ እንኳ ሰው ላኪ ነኝ። ሃያ ምናምን ዓመት ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ ሌላውን ሰው አውሮፕላን ላይ አሳፍሬያለሁ። ራሴ የተሳፈርኩት ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ድግስ እየሠራ እንደማይበላ ሰው ቁጠሩኝ። የምነግራችሁም ከማድ ቤት በኩል ያየሁትን ነው።

ሦስት ነገር ልናገር ነው የመጣሁት። አንደኛ፣ ትኬቱ የት እንዳለ። ሁለተኛ፣ ስምና ሰዓት። ሦስተኛ፣ ከጉዞ መልስ ሒሳብ ማወራረድ። አራተኛ ከመጣብኝ ይቅር በሉኝ፤ ማይክ ከያዝኩ ወሬ አይሆንልኝም አልልም።

እስቲ በጥያቄ ልጀምር። «ትኬት ቆርጠሃል?» እንላለን። «ነገ ትኬት አስቆርጣለሁ» እንላለን። ምኑ ነው የሚቆረጠው? ዛሬ ማን መቀስ ይዟል?

ድሮ ግን የምር ይቆረጥ ነበር። ከእናንተ መካከል ፀጉራችሁ እንደኔ የሸበተ ታስታውሳላችሁ። ትኬት ማለት ትንሽ ደብተር ነበር። ቅጠሎች አሉት። ጀርባው ቀይ ካርቦን ነው፤ ጣት ያቀላል። ለእያንዳንዱ በረራ አንድ ቅጠል። አየር ማረፊያ ስትደርስ የዚያን በረራ ቅጠል ገንጥለው ያስቀሩታል። የመጨረሻዋ ቅጠል የተሳፋሪው ነች። ሒሳብ ክፍል የምትቀርበውም እሷ ነበረች።

ያቺ ደብተር ገንዘብ ነበረች። ጠፋች ማለት ገንዘብ ጠፋ ማለት ነው። አንድ ጊዜ የአንድ ኃላፊ ትኬት አዲስ አበባ ተቆርጦ ወደ ጅማ መምጣት ነበረበት። በምን ይምጣ? በፖስታ ታሽጎ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ተላከ። 350 ኪሎ ሜትር! ጊቤን ወርዶ፣ ጊቤን ወጥቶ። እኔ መናኸሪያ ቆሜ እጠብቃለሁ። ማታ 1 ሰዓት ሆነ፣ 2 ሰዓት ሆነ፣ አውቶቡሱ የለም። ጎማ ፈንድቶ ሰኮሩ ቆሟል። በማግስቱ ሹፌሩ ፖስታውን ከጋቢናው መጋረጃ ጀርባ አውጥቶ ሲሰጠኝ ልስመው ምንም አልቀረኝም። ሰውየው የሚበሩት በዚያው ቀን ከሰዓት ነበር።

እንግዲህ ያ ዘመን ቁርጥ ያለ ቀን ላይ ነው ያበቃው። ኢያታ የሚባለው የዓለም አየር መንገዶች ማኅበር የወረቀት ትኬትን ያስቀረው እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 2008 ነው። በኛ ስንት ይሆናል? ግንቦት 24 ቀን 2000። የሚሊኒየሙ ዓመት! እኛ ሚሊኒየም ስናከብር ዓለም የትኬት ደብተሩን ወረወረ። ለምን? አንዱ ምክንያት ወጪ ነው። ማኅበሩ ራሱ ሲያሰላው፣ አንድ የወረቀት ትኬት 10 ዶላር ገደማ ያስወጣል፤ ኤሌክትሮኒኩ 1 ዶላር።

እንግዲህ አንደኛው ነገሬ እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱ ቀረ። ቀረ ስላችሁ የምር ቀረ። እጃችሁ ላይ ያለው፣ በኢሜይል የመጣው፣ በቴሌግራም የተላከላችሁ፣ ጸሐፊዋ ያተመችው ወረቀት ትኬት አይደለም። ትኬቱ አየር መንገዱ ኮምፒውተር ውስጥ ነው ያለው። እጃችሁ ላይ ያለው ጥላው ነው። ዛፉ ሲቆረጥ ጥላው ይቀራል? አይቀርም። ወረቀቱ ግን ትኬቱ ከተሰረዘም በኋላ ኪሳችሁ ውስጥ ያምር ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ መምህር አለኝ። ስሙን አልጠራም፤ ጅማ ትንሽ ከተማ ናት፤ ነገ ቡና ቤት እንገናኛለን። ትኬቱ ከጅማ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ፣ መልሱም እንደዚያው ነበር። አንድ ትኬት ነው። በዋዜማው ጓደኞቹ በቢሮ መኪና ወደ አዲስ አበባ ሊወጡ ሆነ። «ለምን ነገ ድረስ እጠብቃለሁ? ደግሞ ወልቂጤ ላይ ክትፎ አለ» አለ። ሄደ። ክትፎውን በላ። ለኔ አልነገረኝም።

በማግስቱ ከቦሌ ደወለ። እየጮኸ ነው። «ስምህ የለም ይሉኛል! ትኬቴ እጄ ላይ ነው እኮ! እጄ ላይ ነው!»

አያችሁ? እጄ ላይ ነው ይላል። እጁ ላይ ያለው ጥላው ነው። የመጀመሪያዋን በረራ፣ ከጅማ የምትነሳዋን፣ አልተሳፈረም። ሲስተሙ ደግሞ «ይሄ ሰው ቀርቷል» ብሎ ቀጣዮቹን በሙሉ ሰረዛቸው። ናይሮቢውም፣ መልሱም ሄደ። ደንቡ እንደዚህ ነው። አንድ ትኬት ላይ ያሉ በረራዎች በተራቸው ነው የሚበረሩት። መሐሉን ዘሎ መጨረሻውን መብላት የለም። መኪና ከተገኘ፣ ሐሳብ ከተቀየረ፣ በረራው ሳይነሳ በፊት ደውሉና ትኬቱ ይስተካከል። ሳይነሳ በፊት! ከተነሳ በኋላ የሚደወል ስልክ ለቅሶ መድረስ ነው።

ክትፎው ስንት ብር እንደወጣበት እስካሁን እንቀልድበታለን።

እዚሁ ላይ ሌላም አለ። ስድስት ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ኮድ ይሰጣችኋል። እሱ የቦታ መያዣ ነው። «ቡክ ተደርጎልኛል» ማለት «ተቆርጦልኛል» ማለት አይደለም። የተያዘ ቦታ ካልተከፈለበት ሰዓቱ ሲደርስ ይለቀቃል። ትኬት ወጣ የሚባለው 13 አሃዝ ያለው ቁጥር ሲኖረው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ትኬት ከሆነ በ071 ይጀምራል። ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነው። 071ን ካላየሁ ቡናዬን አልጠጣም። በሌላ አየር መንገድ ከሆነ መነሻው ሦስት አሃዝ ይለያል፤ ጠቅላላው ግን ያው 13 ነው።

እሺ። ሁለተኛ፣ ስም።

ስማችን ለኛ ግልጽ ነው። የራስ፣ የአባት፣ የአያት። ለፈረንጅ ፎርም ግን ራስ ምታት ነው። ትኬት ላይ የኋለኛው ስም ከፊት ይመጣል፤ ከዚያ ጭረት፤ ከዚያ የራስ ስም፤ ከኋላው «ሚስተር» ወይም «ሚስስ» ተለጥፎበት። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ «ስሙ ተገልብጧል፣ መጨረሻው ላይም ትርፍ ፊደል አለበት» ብሎ ሰነድ መለሰብኝ። ትርፍ ፊደሉ «ሚስተር» ነበር። አልፈርድበትም። ማንም አላስረዳውም።

ዋናው ጣጣ ግን የላቲን ፊደሉ ነው። እዚህ ጅማ ደግሞ ችግሩ እጥፍ ነው። ጫልቱ የምትባል ልጅ አለች እንበል። መታወቂያዋ ላይ በቁቤ «ሲ፣ ኤ፣ ኤ» ብሎ ይጀምራል፤ መጨረሻውም ሁለት «ዩ» ነው። ፓስፖርቷ ላይ ደግሞ «ሲ፣ ኤች» ብሎ ይጀምርና በአንድ «ዩ» ያልቃል። ሁለቱም ጫልቱ ነው። ለእናቷ ሁለቱም ጫልቱ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ሰው ናቸው። ቀለሟስ? በ«ኬ» ነው በ«ኪው»? ፀሐይስ? በ«ቲ» ብቻ ነው «ኤስ» ይጨመርበታል?

ስለዚህ ስም በስልክ አልቀበልም። ለምኛችኋለሁ፣ እናንተም አትቀበሉ። «ስሜን ታውቂው የለም እንዴ፣ እትዬ?» ይሉኛል። አውቀዋለሁ! ልጅህን ክርስትና ስታነሳ ነበርኩ! ግን የፓስፖርትህን ፎቶ ላክልኝ። የሚያሳየው መታወቂያ ከሆነ የመታወቂያውን። የሚጓዝበት ሰነድ ላይ እንዳለ፣ ፊደል በፊደል። ማዕረግም አትጨምሩ። «ዶክተር»ን ከስሙ ጋር አጣብቀው የሚጽፉ አሉ፤ ዶክተርነቱ አዳራሹ ሲደርስ ይነገርለታል።

ስም ካነሳሁ አይቀር የከተማም ስም አለ። ጅማ በአየር መንገድ ኮድ «ጄ፣ አይ፣ ኤም» ናት። ጅቡቲስ? «ጄ፣ አይ፣ ቢ»። ጅግጅጋ ደግሞ «ጄ፣ አይ፣ ጄ»። ትስቃላችሁ? በጠባብ የስልክ ስክሪን፣ በችኮላ፣ በአውራ ጣት ምረጡና እንያችሁ። ከመክፈላችሁ በፊት የመጨረሻዋን ፊደል እዩ።

አሁን ወደ ሰዓት ልምጣ። ይሄኛው ላይ ቆየት እላለሁ፤ ብዙ ገንዘብ የበላን እሱ ነውና።

ትኬት በፈረንጅ ሰዓትና በፈረንጅ ቀን ነው የሚጻፈው። ይሄን ሁላችን እናውቃለን። እናውቃለን ግን አንጠነቀቅም። 07:10 የሚል ትኬት አይቶ «7 ሰዓት ከ10፣ ምሳ በልቼ እደርሳለሁ» ያለ ሰው አውቃለሁ። አውሮፕላኑ የተነሳው ጠዋት 1፡10 ነው። ምሳውን በደንብ በላ፤ ጊዜ ነበረው።

ስድስት ቀንሱ። ከስድስት ካነሰ ስድስት ጨምሩ። 13:00 ማለት 7 ሰዓት ነው። 05:00 ማለት ሌሊት 11 ሰዓት ነው። 19:00 ላይ ስድስት ስትቀንሱ 13 ይመጣል፤ 12ቱን ጣሉትና ማታ 1 ሰዓት። መድረሻውም የሚጻፈው በደረሳችሁበት አገር ሰዓት ነው። ዱባይ ከኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። «አራት ሰዓት ነው የሚፈጀው ብለሽኝ አምስት ሆነ» ብሎ የተቆጣኝ ሰው አለ። እኔ ምን ላድርግ? ፀሐይን የማዞረው እኔ ነኝ?

ቀኑም ያው ነው። ትኬቱ «12 ፌብሯሪ» ይላል። ባልደረባችን ፌብሯሪ የካቲት ነው ብሎ ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ የካቲት 12ን በቀይ ከበበ። የሰማዕታት ቀን ስለሆነም አልረሳውም። በዕለቱ ታጥቦ፣ ተላጭቶ፣ ሻንጣውን ይዞ መጣ። ያ ፌብሯሪ 12 በኛ የካቲት 5 ነበር። አውሮፕላኑ ከሄደ ሳምንቱ። የስብሰባው ተካፋዮችም ተመልሰው ቤታቸው ገብተዋል።

ደግሞ የባሰ አለ። ይሄኛውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ዝርዝሩን በደንብ አውቀዋለሁ።

ከቦሌ የሚነሳ በረራ ነው። ትኬቱ «ረቡዕ 00:40» ይላል። እኔ ስድስት ጨመርኩ። ሌሊት 6፡40። ጎበዝ ነኝ አይደል? ለተጓዡ ደወልኩና «ረቡዕ ማታ ነው፣ 3 ሰዓት ላይ ቦሌ ይገኙ» አልኳቸው። ሰውየው አጥፊ አይደሉም፤ ባልኳቸው ሰዓት ተገኙ። ረቡዕ ማታ 3 ሰዓት። አውሮፕላኑ የሄደው ግን ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ነው። ሃያ ሰዓት አልፎታል!

ምን ነካኝ? በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። እኛ ዘንድ ሳይነጋ ቀን የሚባል የለም። ማክሰኞ አምሽተን፣ ተኝተን፣ ሌሊት ለውሃ ብንነሳ ያው ማክሰኞ ሌሊት ነው የምንለው። ኮምፒውተሩ ግን ረቡዕ ብሎታል።

የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ? ቃሉ አለን! ከጥንት ጀምሮ አለን። አያቶቻችን «ለረቡዕ አጥቢያ» ይሉ ነበር። ለቅሶ ሲነገር «ለእሑድ አጥቢያ ዐረፈ» ይባላል። አንድም ሰው አይሳሳትም። እኔ ያን ቃል ትቼ «ረቡዕ ማታ» አልኩ። ቅጣቱን ለአምስት ወር ከደመወዜ ከፈልኩት። ከዚያ ወዲህ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለሚነሳ በረራ የምጽፈው መልእክት ይኸው ነው፦ «ማክሰኞ ማታ እራት በልተው ይወጣሉ፤ በረራው ለረቡዕ አጥቢያ ሌሊት 6፡40 ነው»። እራቱን ሳይቀር እጽፋለሁ። ይሳቁብኝ። እስካሁን የቀረብኝ ሰው የለም።

ውሃ ልጠጣ።

ሦስተኛ። እዚህ የሒሳብ ክፍል ሰዎች አላችሁ? እጃችሁን አውጡ። አትፍሩ፣ አልጣላችሁም። እስካሁን ስትስቁ ነበር፤ አሁን ተራው የእናንተ ነው።

ሠራተኛው ከጉዞ ተመለሰ። አበሉን፣ ሆቴሉን፣ ትኬቱን ሊያወራርድ መጣ። የታተመ ወረቀት ይሰጣችኋል። እናንተ ምን ትላላችሁ? «ኦሪጅናሉን አምጣ»። «ማኅተም የለውም»። ሰውየው እንደገና ያትማል። በባለቀለም ያትማል። ያው ነው እኮ! ሺህ ጊዜ ቢታተም ሺሁም ኮፒ ነው። ኦሪጅናሉ አየር መንገዱ ጋ ነው። አንድ ሰው ጨንቆት የቢሮውን ማኅተም ራሱ መትቶበት አምጥቷል፤ ያን ጊዜ ተቀበሉት። የገዛ መሥሪያ ቤታችንን ማኅተም አይታችሁ ነው የተቀበላችሁት!

ግን አንድ ነገር ልመንላችሁ። ጥርጣሬያችሁ ትክክል ነው፤ የምትጠይቁት ነገር ነው የተሳሳተው። ማኅተም ምንም አያድናችሁም። አስቡት፤ ሰውየው ትኬቱን በራሱ ገንዘብ ገዛ፣ አተመ፣ ለእናንተ ሰጠ፣ ገንዘቡን ተቀበለ። ከዚያ ትኬቱን ሰርዞ ከአየር መንገዱም ገንዘቡን አስመለሰ። ወረቀቱ እናንተ ፋይል ውስጥ ዝንፍ ሳይል ተቀምጧል። ወይም ያንኑ ወረቀት ለሁለት ፕሮጀክት አስገባ። ይሄ ሁሉ ይቻላል።

ታዲያ ምን ይጠየቅ? ትኬቱ መገዛቱን ይናገራል። መብረሩን የሚናገረው ቦርዲንግ ፓሱ ነው። ስትሳፈሩ ይታያልና ጉራጁ እናንተ ጋ ይቀራል። እሱን አትጣሉ! መጽሐፍ ውስጥ ዕልባት አድርጋችሁ አትርሱት። ስልክ ላይ ከሆነ ፎቶ አንሱት። ሒሳብ ክፍል ደግሞ አንድ ደብተር ክፈቱ፤ ኮምፒውተር ላይም ይሁን። 13 አሃዙን ቁጥር መዝግቡ። ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ራሱ ይጮኻል። ጥርጣሬ ካለ በዚያው ቁጥር ትኬቱን የሸጠውን ቢሮ ጠይቁ። ያ ቁጥር ኮምፒውተሩ ውስጥ ገና ያልተጠቀሙበት፣ የተበረረ፣ ወይም ገንዘቡ የተመለሰ ተብሎ ተጽፎበት ነው ያለው። የድሮዋ ቅጠል ይሄን ሁሉ አትነግራችሁም ነበር።

ያልተበረረም ትኬት አለ። ስብሰባው ተሰረዘ፣ ሰውየው ታመመ፣ ጉም ወርዶ ቀረ። ትኬቱ ይረሳል። ወረቀት ስለሌለ መሳቢያ ከፍቶ የሚያየው የለም። ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ከፊሉ ይመለሳል ወይም ለሌላ ቀን ይቀየራል፤ እንደ ትኬቱ ደንብ ነው። ግን ሰው መጠየቅ አለበት። ማን ይጠይቅ? ሠራተኛው የራሱ ገንዘብ አይደለም። ጸሐፊዋ ሌላ ሥራ አላት። ስለዚህ ያ ደብተር ላይ አንድ ዓምድ ጨምሩና «በረረ ወይስ ቀረ» በሉት።

አራተኛ ነገር እንደሚመጣብኝ ነግሬያችሁ ነበር። መጣ። አጭር ነው። ስልክ ባትሪው ያልቃል፤ ኔትወርክ ይጠፋል። ወረቀቱ ጥላ ነው አልኩ እንጂ አትያዙት አላልኩም። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ኮምፒውተር የለውም፤ ጥላውን ነው የሚያየው። አንድ አትሙ፤ ከመታወቂያው ጋር ኪስ ውስጥ ይሁን። ብቻ ኪሳችሁ ውስጥ ስላለ ተኝታችሁ አትደሩ።

ደግሞ አንድ የሚያኮራ ነገር ልንገራችሁ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ነው፤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 1946 ማለት ነው። በዚያው በፈረንጆቹ ዓመት በአገር ውስጥ ከበረረባቸው ከተሞች አንዷ ማን ናት? ጅማ! አባ ጅፋር ካለፉ ገና አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። ይቺ ከተማ አውሮፕላን ማየት የጀመረችው ትናንት አይደለም። ስለዚህ «እኛ እንግዳ ነን፣ አናውቅም» የሚል ሰበብ ከጅማ ሰው አልቀበልም።

በሉ፣ ሻይ ሊመጣ ነው፤ ቆሎውም ይሸተኛል። ከዚያ በፊት ወረቀት ይታደላል። የናሙና ትኬት ነው፤ ስሙን ሸፍኜዋለሁ። ሦስተኛው መስመር ላይ «አርብ 01:25» ይላል፣ ከቦሌ። ተጓዡ እዚህ ጅማ ነው ያለው፤ ከጅማ የሚያወጣው በረራ ደግሞ የጠዋት ነው። ሰውየው ከቤቱ ሻንጣውን ይዞ የሚወጣው በየትኛው ቀን ነው? ጮክ ብላችሁ አትመልሱ። ጻፉት። ከሻዩ በኋላ እየዞርኩ አያለሁ፤ ሒሳብ ክፍሎች፣ እናንተም።